የሞያሌን መንገድ የሠሩት አቶ ዳምጠው

ልጅ እያለሁ፣ ልደታ ግቢያችን ውስጥ ከእኛ ቀጥሎ ባለው ቤት ጋሽ ሙሄ የሚባሉ የወሎ ሰው ይኖሩ ነበር። ጉልበታቸውን የጨረሱት ወደ ሞያሌ ጠረፍ የሚወስደውን መንገድ ሲሠሩ ነው። ችግሩ ወሬያቸውን የሚሰማ አለመኖሩ ነበር። «ያኔ በረሃ ሳለን» ብለው ሲጀምሩ አባቴ ምላጭ ፍለጋ ይነሳል፣ እናቴ ወጥ አረረብኝ ትላለች።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን የአንድ መንገድ ታሪክ ከሽማግሌ ጠይቃችሁ ጻፉ አሉን፤ የተመረጠው ሰልፍ ላይ ይነበባል። ደብተሬን ይዤ ስሄድ ጋሽ ሙሄ ደስ ብሏቸው ከሥሩ ጀመሩ። ያን ሁሉ ኮረት ረግጦ ያስተኛው ዳምጠው ነው። ዳምጠው በርሜል ሙሉ ይጠጣል። ዳምጠው ከታመመ ሥራ ሳምንት ይቆማል። ዳምጠው ማለት መንገድ የሚዳምጠው መኪና መሆኑን እኔ ከየት ልወቅ? የአክስቴ ባልም ዳምጠው ነው የሚባለው፤ ያውም እሱም ይጠጣል።

«ሚስት ነበረው?» ብዬ ጠየቅኩ። የቀለድኩ መስሏቸው «ሚስቱስ እኛው ነበርን፤ የምናጥበው እኛ፣ ቅባት የምንቀባው እኛ» አሉ። ጻፍኩት።

መምህራችን የእጅ ጽሑፌን ብቻ አይተው መረጡኝ። ጋሽ ሙሄ ታሪካቸው በሰው ፊት ሲነገር ሊሰሙ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። እኔም ጮክ ብዬ «የሞያሌን መንገድ የሠሩት አቶ ዳምጠው ናቸው። ጋሽ ሙሄ ደግሞ ገላቸውን እያጠቡ ቅባት ይቀቧቸው ነበር» ብዬ አነበብኩ። ሰልፉ በሳቅ ተበተነ። መምህራችን ዳምጠው መኪና መሆኑን ሲነግሩኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰውዬው የዕድሜያቸውን ሥራ አንዴ የሚሰማ ሰው ቢያገኙ፣ ገላ አጣቢ አደረግኳቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ አለቅስ ነበር። «አብሽሪ» አሉኝ። «ብዙም አልተሳሳትሽ። እዚያ በረሃ ውስጥ ከዳምጠው በቀር ወሬዬን የሚሰማኝ አልነበረም። እዚህስ ቢሆን ካንቺ ሌላ ማን ጠየቀኝ?»

ጋሽ ሙሄ ካረፉ ቆዩ። ግቢያችንም ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ሆኗል፤ አሁን ግድግዳ የምንጋራውን ጎረቤቴን ስሙን እንኳ አላውቀውም። ያኔ ብንሰላችም እንተዋወቅ ነበር፤ ይህ ይናፍቀኛል። ባለፈው ሳምንት ጠዋት በራችን ላይ አስፋልት ሲነጠፍ፣ ልጄ መኪናውን አይቶ «ሮለር መጣ» አለ። ጠጋ አልኩና ሽበት የወረራቸውን ሾፌር «ዳምጠው እንዴት ነው?» አልኳቸው።

«ደህና ነው፤ ትንሽ ያስለዋል እንጂ» አሉና ሞተሩን አጥፍተው የሠሩበትን አገር ሁሉ ያወሩኝ ጀመር። ልጄ እጄን ይጎትታል፣ ሥራም ረፍዶብኛል። እስኪጨርሱ ቆሜ ሰማኋቸው።