«ዛሬ ሳልፈታው አላድርም»

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት፣ አንድ ቅዳሜ ነው። ደራ ውስጥ እስካሁን በደጁ ሳልፍ አንገቴን የምደፋበት አንድ ጋራዥ አለ። ይህን የምጽፈውም እንደኔ በትንሹም በትልቁም የሚቀና ባል ካለ ያንብበው ብዬ ነው።

እኔ ናዝሬት ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ ጽጌ የእንስሳት ሐኪም ናት፤ የምትሠራው ደራ ነው። ጠዋት በሚኒባስ ትሄድና እዚያ ስትደርስ መሥሪያ ቤቷ የሰጣትን ሞተር ሳይክል ይዛ ገጠር ለገጠር ትዞራለች። ሞተሩ ለጭቃና ለድንጋይ የተሠራ፣ ከፍ ያለ ነገር ነው። እኔ ብስክሌት እንኳን በቅጡ አልነዳም።

ሞተሩን የሚጠግንላት ከማል የሚባል መካኒክ ነው። አይቼው አላውቅም ነበር። ግን ቤቴ ውስጥ ከኔ ስም ይልቅ የሱ ስም የሚጠራ ይመስለኝ ጀመር። ከማል ዘይቱ ይቀየር አለ፣ ከማል ሰንሰለቱ ላልቷል አለ። ደውሎ ሲያስቃት ደግሞ እኔ የቴሌቪዥኑን ድምፅ እጨምራለሁ። ቅናት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን ምንም አልረዳኝም።

የዚያን ቅዳሜ ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ወደ ጓሮ ስወጣ፣ ጽጌ ጀርባዋን ሰጥታ በስልክ ታወራለች። ልጃችን ተኝታ ስለነበር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች። እኔ ግን ለሌላ ነገር መሰለኝና በሩ ጋ ቆሜ አዳመጥኩ።

«በቃኝ ከማልዬ፣ ብዙ ታግሼዋለሁ» ትላለች። «እንዲህ ከቀጠለ አንድ ቀን ይገድለኛል። ዛሬ ሳልፈታው አላድርም።»

እጄን አንስቼባት አላውቅም፤ ከየት አምጥታ ነው ይገድለኛል የምትለው? «ከማልዬ» ያለችው ደግሞ ከሁሉም በላይ አቃጠለኝ። የኔን ስም እንዲህ አቆላምጣ ከጠራችው ስንት ጊዜዋ ነው።

ቁርስ እንኳን ሳትቀምስ ደራ ሥራ አለኝ ብላ ወጣች። ቅዳሜ ምን ሥራ አለ? ልጃችንን ጎረቤት አስቀምጬ በሚቀጥለው ሚኒባስ ተከተልኳት። መንገዱን ሙሉ ልጅቷ ከማን ጋር እንደምትሆን፣ ማንን ሽማግሌ አድርጌ እንደምልክ ሳወጣና ሳወርድ ሄድኩ። ሁለት ሰዎች መጡልኝ፤ ሁለቱም ለሷ ያደላሉ ብዬ ተውኳቸው።

ደራ ወርጄ ጋራዡን ስጠይቅ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ «አቺ፣ ከማዶ ያለችው» ብላ በእጇ አሳየችኝ።

ሚስቴ ከሞተሩ የፊት ጎማ አጠገብ ቁጢጥ ብላለች። አንድ መልከ መልካም ወጣት ከጎኗ ቁጢጥ ብሎ፣ እጁን በእጇ ላይ ደርቦ፣ አንድ ቁልፍ አብረው ይዘዋል። ማማሩ ይበልጥ አናደደኝ።

«መጀመሪያ ትንሽ አጥብቂው» ይላታል ቀስ ብሎ። «ከዚያ ፍቺው።»

እኔ የሰማሁት «ፍቺው» የሚለውን ብቻ ነው።

«ጽጌ፣ እኔ አልፈርምም» አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ። «ፍርድ ቤትም ብትሄጂ ፍቺውን አልቀበልም።»

ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ። ልክ ያኔ ከእጃቸው ሥር ቋ የሚል ድምፅ ተሰማና ቁልፉ ዞረ። ከማል እኔንና እሷን አፈራርቆ ካየ በኋላ እጁን ከእጇ ላይ አነሳ።

«ጋሼ» አለ ረጋ ብሎ፣ «ለብሎን ፊርማ አያስፈልግም።»

ጽጌ ብሎኑን ፈትታ ጨረሰችና መዳፏ ላይ አድርጋ አሳየችኝ። የጣት ግማሽ የሚያክል፣ ዝገት የበላው ነገር ነው። የፍሬኑን ሸራ የሚይዘው እሱ ነው። ጭቃና ዝገት ስላጣበቁት ፍሬኑ አንዴ ከያዘ አልለቅ ይል ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ነጭ ጋዝ ቢያጠጡት፣ በመዶሻ ቢመቱት አልፈታ ብሏቸው ነው የከረመው። ሌላ ጊዜ ገጠር መሐል ብቻዋን ሳለች ቢገጥማት ራሷ እንድትፈታው እያሳያት ነበር።

ከማል ወንበር ሰጠኝ፤ ውሃም አመጣልኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ውሃውን እየጠጣሁ እንኳን ጥርሱ እንዴት እንደነጣ አያለሁ።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ከጽጌ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጥን። ትሳቅብኝና ይውጣልኝ ብዬ ብጠብቅ አልሳቀችም። በኋላ የሱሪዋን እግር ሰብሰብ አድርጋ ጉልበቷን አሳየችኝ። አብጦ ጠቁሯል።

«ማክሰኞ እራት ላይ፣ ፍሬኑ ይዞ ሞተሩ ጣለኝ፣ ከማል ነው ያነሳኝ ብዬ ነግሬሃለሁ» አለች። «ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?»

አስታወስኩ። «ከማል እዚያ ምን ይሠራ ነበር?» ነው ያልኳት።



ይኸው ዓመት ሊሆነው ነው። ተለውጫለሁ ብዬ አልዋሽም፤ ዛሬም ስልኳ ላይ የሱ ስም ሲመጣ እጄ ወደ ቴሌቪዥኑ ድምፅ ይሄዳል። የሚያሳፍረኝ ግን ጋራዡ ውስጥ የተናገርኩት አይደለም፤ በሱማ አሁን ቤታችንም ይሳቅበታል። የሚያሳፍረኝ ያ ማክሰኞ ነው። ሲያነሳት እጁ የት እንዳረፈ ሳሰላስል ነው ያደርኩት። የት እንደተመታች አልጠየቅኳትም።