እስከ ደመራ የሚቆም ቅርጫት

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ የቀረ ዓመት፣ ቤታችን ውስጥ ስለ እኔ የማያወራ አልነበረም። አባቴ እንጅባራ መውጫ፣ መንገድ ዳር፣ የቀርከሃ ወንበርና ቅርጫት እየሠራ ይሸጣል። ዳንግላ ያለችው አክስቴ ደግሞ ሱቋን የሚጠብቅላት ሰው ትፈልጋለች። ሁለቱ በስልክ ተነጋግረው ጨረሱ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ሱቅ መቀመጥ አልፈለግሁም። የፈለግሁት የአባቴን ሥራ ነው። እሱ ግን «ቀርከሃ የወንድ ነው፤ ሴት ስንደዶ ትስፋ» ባይ ነው።

የዘመን መለወጫ ዋዜማ የሰፈሩ ልጃገረዶች እንግጫ ሊነቅሉ ሜዳ ወረዱ። ሣሩ ከአደይ አበባ ጋር ተጎንጉኖ በምሰሶና በበር ይታሰራል፤ እስከ መስቀል ይቆይና ደመራው ላይ ይጣላል። እኔም ወረድኩ፤ አደዩን ብቻ ለቅሜ ተመለስኩ። ጎረቤታችን እትዬ አጥሩ ጋ ቆመው አዩኝ።

«አንቺ፣ ሣሩስ?»

«ሣር አልጎነጉንም። የአበባ ቅርጫት ልሠራ ነው፣ በቀርከሃ።»

«ወይ ጉድ! ነገ ደግሞ ሞፈር ትጠርቢያለሽ።»

«እንጨቱን ካገኘሁ እጠርባለሁ፣ እትዬ።»

አባቴ ሰምቶ ሳቀ። ቀርከሃ የሚሰነጥቅበትን ቢላዋ አቀበለኝ። «እንኪ። የሠራሽው ከእንግጫው እኩል እስከ ደመራ ከቆመ ቢላዋው ያንቺ ነው። ካልቆመ ዳንግላ ትሄጃለሽ፤ አፍሽንም ትዘጊያለሽ።»

ከጓሮ የቆረጥኩት ቀርከሃ ቅቤ ነበር። ቢላዋው ገና ሲነካው ይሰነጠቃል፣ ስንጥሩ እንደፈለግሁት ይታጠፋል። በግማሽ ቀን ጨረስኩ። የድልህ ቆርቆሮ ውሃ ሞልቼ ውስጡ አስቀመጥኩ፣ አደዩን ሰካሁበት፣ በሩ ላይ ሰቀልኩት። ለእንቁጣጣሽ የመጣ ሁሉ ቀና ብሎ አየው። ኮራሁ፤ አልዋሽም።

በአምስተኛው ቀን፣ እትዬ ወንፊት ሊዋሱ ሲገቡ፣ የቅርጫቱ ቂጥ ወለቀ። ቆርቆሮው፣ ውሃው፣ አበባው እግራቸው ሥር ተዘረገፈ።

አባቴ አንዱን ስንጥር አንስቶ በጣቱ አሸው። «የዘንድሮ ቀርከሃ ነው። ገና ልጅ። ሲደርቅ ይኮማተራል።»

«አይተኸው ነበር?»

«የቆረጥሽ ዕለት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ጠየቅሽኝ?»

አልጠየቅሁም። «ደመራ ገና ነው» አልኩት።

«ፈርሷል እኮ!»

«እስከ ደመራ ነው ያልከው። ዛሬ ደመራ ነው?»

ጓሮ ገባሁ። እሱ ሲቆርጥ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ፤ ያልተማረው እጄ እንጂ ዓይኔ አይደለም። ቅርፊቱን የጣለውን፣ ግንዱ ሽበት ያወጣውን፣ በቢላዋ ጀርባ ሲመቱት የሚጮኸውን ፈለግሁ። ይኼኛው ቅቤ አይደለም። አውራ ጣቴን ቀደደኝ። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ሁለት ጊዜ ፈትቼ እንደገና ጀመርኩ።

እናቴ ጣቴን በጨርቅ እያሰረች «ሱቁ ይሻልሽ ነበር፤ ደም አያስወጣ» አለች።

«እሱስ ነፍስ ነው የሚያስወጣው» አልኳት።

አዲሱን ቅርጫት አደይ ሞልቼ በሩ ላይ ሰቀልኩት። የደመራ ዕለት ጠዋት እንግጫው ሁሉ ጠውልጎ ከየምሰሶው ወረደ። አባቴ አደዩን አውጥቶ የበርበሬ መፍጫውን መጅ ቅርጫቴ ውስጥ ከተተው፤ መልሶ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። ቆመን አየን። ሲጥ አለ። ያዘ።

«እጀታው ጠማማ ነው።»

«ይዟል።»

«ጠማማ ነው አልኩሽ።»

«ይቁም ነው ያልከው፤ ይቅና አላልክም።»

እትዬ እንግጫቸውን ይዘው ሲወጡ ጠሩኝ። «በይ ያንንም ይዘሽ ነይ፣ ደመራው ላይ ይጣል። ደንብ ነው።»

«አበባውን እጥላለሁ። ቅርጫቱ አይቃጠልም።»

«ደንብ ልታፈርሺ?»

«ደንቡ የሣር ነው፣ እትዬ። ይኼ ቀርከሃ ነው።»

የጠወለገውን አደይ ጣልኩና ባዶውን ቅርጫት በክንዴ አንጠልጥዬ ተመለስኩ።

በዚያው ሳምንት አክስቴ ደወለች፤ አባቴ ስልኩን ለእኔ አቀበለኝ። «መቼ ነው የምትመጪው?» አለችኝ። ቢላዋዬን እየሳልኩ ነበር። እንደማልመጣ ነገርኳት።