በውሃ ልክ የተሰመረችው መኪና

ሰፈራችን ውስጥ «ውሃ ልክ» የሚባል ግንበኛ አለ። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት እናቱና መታወቂያው ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው በኪሱ እስክሪብቶ እንደሚይዝ፣ እሱ በኮቱ የውስጥ ኪስ አጭር የውሃ ልክ ይዞ ይዞራል። መስታወቷ ውስጥ አረንጓዴ ፈሳሽ፣ ፈሳሹ ውስጥ አንዲት የአየር አረፋ አለች። አረፋዋ መሃል ላይ ከቆመች ዓለም ደህና ናት። ወደ ጎን ከሸሸች ዓለም ተበላሽታለች፤ ያበላሻትም ሌላ ግንበኛ ነው። አንድ ጊዜ ሆስፒታል ታማሚ ልንጠይቅ አብረን ሄደን፣ ገና ሳይቀመጥ የመስኮቱን ደፍ ለክቶ «ምስኪን!» አለ። በሽተኛው ለእሱ የተባለ መስሎት አለቀሰ።

ሰው ዕድሜውን ሙሉ እውነትን ሲፈልግ ይኖራል፤ እውነትን በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው ያስቀናል። ቢሆንም ውሃ ልክ አንድ የማይቃናለት ነገር ነበረው፤ አማቱ።

የሚስቱ አባት ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። ምላሳቸው እንደ ፈላ ሬንጅ ነው። ልጆቻቸውን ይቆጣሉ፤ ጎረቤቱን ይቆጣሉ፤ ፋርማሲ የሚሠራውን ሌላውን የልጃቸውን ባል ደግሞ ገና ከበር ይቀበሉታል። «አንተ ክኒን፣ በሩን ዝጋ! ዋሻ ውስጥ ነው እንዴ ያደግከው?» ውሃ ልክ ሲመጣ ግን ማር ይሆናሉ። «ኧረ መሐንዲስ፣ ምነው ተቸገሩ? ይቀመጡ፣ ይቀመጡ። ልጆች፣ ለእንግዳው ትራስ አምጡ!» ከሠርጉ ማግስት ጀምሮ ጢሙ እስኪሸብት ድረስ አንድም ክፉ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም። የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣ ሰው እንዲህ ባለ ጨዋነት ይስተናገዳል።

«ጋሼ፣» አለኝ አንድ ቀን አጥሬን ሲጠግን፣ «የልጅ ልጅ አሳየኋቸው፤ የልጅ ልጆቹም ጎረመሱ፤ እኔ እስከ ዛሬ እንግዳ ነኝ። ክኒን እኮ ከእኔ በኋላ ነው የመጣው። እሱ የቤት ልጅ ሆኖ ይሰደባል፤ እኔ ትራስ ታቅፌ እቀመጣለሁ።»

ጨዋነትም አጥር ነው። ያውም ግንበኛ የማያፈርሰው ዓይነት።

ለዚህ ነው የመኪናዋ ነገር የመጣው። ሽማግሌው በጉብዝናቸው ዘመን የነዷት፣ በኋላም የራሳቸው የሆነች አንዲት አሮጌ መኪና ከቤታቸው ጓሮ በሸራ ተሸፍና ቆማ ነበር። ከፊት መብራቷ እስከ ኋላዋ በግራና በቀኝ ጎኗ የተዘረጋ የኒኬል መስመር ነበራት፤ ሽማግሌው ዘወትር ጠዋት በጨርቅ ይወለውሉት እንደነበር ይወራል። ውሃ ልክ «እኔ አድሳታለሁ» አለ። «ኧረ እንዳይደክሙ መሐንዲስ» አሉ ሽማግሌው፣ ግን ቁልፉን ሰጡት። እሱም ልቡ ሞቀ። መኪናዋ እንደ ጥንቷ ሆና ከተመለሰች እንግድነቱ ያከትማል ብሎ አመነ።

መኪናዋን ወደ ራሱ ግቢ አስጎተተ። ሞተሯን ለመካኒክ ሰጠ፤ ጌጧንም መካኒኩ ነቃቅሎ አስረከበው፤ አካሏን ለራሱ አስቀረ። «ላሜራ ማለት ስስ ግድግዳ ነው» አለ። ያን ሰሞን ቤቱ ቤት አልነበረም። የፊት ፍርግርጉ ወጥ ቤት፣ የመብራቶቹ ቀለበት ቁም ሳጥን ላይ፣ ረጃጅሞቹ የኒኬል መስመሮች አልጋ ስር።

«አንተ ሰውዬ፣» አለች ሚስቱ፣ «አልጋ ስር ያለው ብረት እግሬን ጨረሰው። ሚስትህ እኔ ነኝ ወይስ እሱ?»

«አንቺ ብትታጠፊ ትቃኚያለሽ። እሱ ከታጠፈ አበቃለት።»

«እኔ እንደምቃና ማን ነገረህ?»

የመኪናዋን ጎን ዝገቱን ፍቆ ሲጨርስ ትንንሽ ቀዳዳዎች አገኘ። ቀዳዳ አይቶ የሚያልፍ ግንበኛ አልተወለደም። እነዚህ ደግሞ ከፊት እስከ ኋላ በአንድ መስመር የተደረደሩ ነበሩ። «ዝገት ተሰልፎ ሲበላ ገና ማየቴ ነው» ብሎ ተደነቀ። አንድ በአንድ በብየዳ ደፈናቸው፤ ስቱኮ ቀባባቸው፤ በአሸዋ ወረቀት አለሰለሳቸው፤ ላዩ ላይ ሰማያዊ ቀለም አስረጨበት። ጎኗ እንደ እንቁላል ሆነ። ጣቱን ያንሸራትትበትና ብቻውን ይስቅ ነበር።

ከዚያ ጌጧን መመለስ ጀመረ። የመብራት ቀለበቶቹ ገቡ። ፍርግርጉ ገባ። የበር እጀታዎቹም እንደ ወትሮው ትንሽ አንገራግረው ገቡ። በመጨረሻ መስመሮቹን ከአልጋ ስር ጎትቶ አወጣና ጀርባቸውን አየ። በየተወሰነ ርቀት ትንንሽ መንከሻዎች አሏቸው፤ መንከሻ ደግሞ ቀዳዳ ገብቶ ነው የሚነክሰው። መኪናዋን አያት። መንከሻዎቹን አያቸው። እንደ እንቁላል የለሰለሰውን ጎን በመዳፉ ዳሰሰና መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ሚስቱ ደንግጣ ክኒንን ጠራችው። ክኒን ነጭ ጋውኑን እንደለበሰ መጣ።

«ምን ሆነ? ደም ግፊት ነው?»

«ቀዳዳ ነው» አለች።

«የምን ቀዳዳ?»

«የሌለ ቀዳዳ» አለ ውሃ ልክ ከመሬት። «ድሪሉን አቀብለኝ፤ እንደገና እንበሳለን። መስመሩን ያዝልኝ።»

እዚህ ላይ ስለ ግቢው አንድ ነገር ልናገር። ግቢው ዝናብ እንዳይተኛበት ወደ መውጫው በር ያዘነብላል፤ እንዲያዘነብል አድርጎ የሠራው ራሱ ውሃ ልክ ነው። መኪናዋም አፍንጫዋን ወደ በሩ፣ ወደ ቁልቁለቱ አድርጋ ቆማለች። ከጀርባዋ ውሃ ልክ የገነባው የጡብ አጥር አለ፤ ረድፉ ቀጥ ያለ፣ እንከን የሌለው። ክኒን መስመሩን ያዘ፤ ውሃ ልክ መለኪያዋን ከኪሱ አውጥቶ መስመሩ ላይ አስቀመጠ፤ አረፋዋ መሃል ላይ ቆመች። ከጡቡ ረድፍ ጋር ትክክል ሆነ። እርሳሱን አውጥቶ ምልክት አደረገ።

«ቆይ፣» አለ ክኒን፣ «ከመስኮቱ ጋር አይሄድም እኮ። ከፊት ይጠጋል፣ ከኋላ ይርቃል።»

«አረፋዋ የት ናት?»

«መሃል።»

«ስለዚህ?»

ክኒን ትንሽ አሰበ። «ስለዚህ... መስኮቱ ነው ጠማማው?»

«አየህ! ትምህርት ለዚህ ነው። ፋብሪካው ተሳስቷል፤ ውሃ አይሳሳትም።»

ውሃስ በእርግጥ አልተሳሳተም። የምድርን ልክ ተጠየቀ፣ የምድርን ልክ ተናገረ። የመኪናዋን ልክ የጠየቀው የለም። ሰው ትክክለኛ መልስ ይዞ ገደል የሚገባው እንዲህ ነው፤ ግን በዚያ ሰዓት ይህን የሚፈላሰፍ አልነበረም፤ ድሪሉ ይጮህ ነበር።

በእሑዱ መኪናዋን አጥበው፣ ወልውለው ወደ አማቱ ቤት ነዷት። ሚስቱ አጠገቡ፣ ክኒን ከኋላ። የሽማግሌው ደጅ አስፋልት ነው፤ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ። እዚያ አቁመው ወረዱና ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው አዩዋት። የኒኬሉ መስመር ከኋላ ጎማ በላይ ዝቅ ብሎ ይነሳና ወደ ፊት መብራቱ እያሻቀበ ይሄዳል። መኪናዋ ቆማ ሳለ ዳገት ትወጣ ነበር።

አንዲት ጎረቤት ከበረንዳዋ «ኧረ ፍሬን ያዙ!» ብላ ጮኸች።

ሽማግሌው ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። አንዴ ዞሯት። ሁለተኛ ዞሯት። አንገታቸውን ወደ ቀኝ ዘመም አደረጉ፤ ከዚያ ወደ ግራ። ውሃ ልክ ላብ አጠመቀው።

«በጣም ያምራል መሐንዲስ» አሉ። «እጅዎ ይባረክ። ልጆች፣ ለእንግዳው—»

«አባባ፣ ተጣሟል» አለ ውሃ ልክ።

«ኧረ ምንም አይል። ዘመናዊ ነው።»

«ጠማማ ነው፣ አባባ! በራሴ እጅ ነው ያጣመምኩት!» ሚስቱ ኮቱን ጎተተችው፤ አልሰማትም። «ቀዳዳዎቹን ደፍኛቸው ነው።»

ከዘራው አየር ላይ ቆመ። «የትኞቹን ቀዳዳዎች?»

«የመስመሩን። ዝገት መስሎኝ...»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«በምን?»

«በብየዳ። ከዚያ ስቱኮ።»

ሽማግሌው ትንፋሻቸውን ሳቡ። ክኒን ልምድ ስላለው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸ።

«አንተ ድንጋይ!» አሉ፤ እርግብ ከጣሪያ ተነሳች። «አንተ የሲሚንቶ ከረጢት! መኪና ነው የሰጠሁህ ወይስ ሽንት ቤት? ተደርድረው እያየሃቸው! ዝገት ወታደር ነው እንዴ የሚሰለፈው? ዓይንህን ምን ጋረደው? እሷስ፣» ወደ ልጃቸው ዞሩ፣ «እሷስ ምን ታደርግ ነበር? አብረሽው ታቦኪ ነበር? ኧረ የት አባቴ ልግባ!»

ውሃ ልክ እንደ በግ ቆሞ ይሰማል። ፊቱ ግን ቀስ በቀስ እንደ ሙሽራ ይፈካ ጀመር። ሚስቱ አፏን በመዳፏ ያዘች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አይታወቅም። ክኒን ከኋላ ጠጋ ብሎ በጆሮው «ወንድሜ፣ እንኳን ደህና ገባህ» አለው።

«ምን ያስፈግግሃል?» ጮኹ ሽማግሌው። «ፍታው! አሁን!»

ኮታቸውን አውልቀው ለክኒን ወረወሩለት። ከመስኮቱ የታችኛው ጠርዝ በሜትር እየለኩ፣ ከፊት፣ ከመሃል፣ ከኋላ፣ በእርሳስ ነጥብ አደረጉ። «መኪና በመኪና ነው የሚለካ፣ ገባህ? መሬቱ ምን አገባው?» ክኒን ሮጦ ከውሃ ልክ ቤት ድሪሉን፣ ስቱኮውንና ቀለሙን አመጣ፤ መስመሩ ተፈታ፤ የተሳሳቱት ቀዳዳዎች ተደፈኑ። አዲሶቹ ተበሱ፤ የተቧጠጠውን ሰማያዊ ቀለም ውሃ ልክ በብሩሽ እንደገና ቀባው። ውሃ ልክ ሜትሩን አላልቶ ያዘ ተብሎ ተሰደበ። አጥብቆ ያዘ ተብሎም ተሰደበ። ጥላውን መኪናዋ ላይ ስለጣለ ለብቻው ተሰደበ።

ሁለተኛውን ጎን ሲጨርሱ ሽማግሌው ሥራውን ሊያደንቁ ጠጋ ብለው መዳፋቸውን ወደ በሩ ሰደዱ።

«አባባ!» ብሎ ጮኸ ውሃ ልክ፣ ድሪሉን እንደያዘ። «እጅዎን ያንሱ! ቀለሙ አልደረቀም፣ አያዩም እንዴ?»

ሚስቱ ደርቃ ቀረች። ክኒን ዓይኑን ጨፈነ። ሽማግሌው ግንበኛውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት፣ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉትና እጃቸውን አነሱ።