ግማሽ የተሠራ ሹሩባ

እንግዳዋ ቤታችን የመጣችው ለአንድ ሌሊት ነበር። እናቴ ከቅዳሴ ስትመለስ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እግሯ አብጦ ተቀምጣ አገኘቻትና ይዛት መጣች። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ከወሎ ተነስታ ጥቂቱን በእግር፣ ጥቂቱን በጭነት መኪና ጅቡቲ የገባች ልጅ ናት። ሐሳቧ ከኦቦክ ወደብ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ መሻገር ነበር። እናቴ ግን እንዳትሄድ በነጋ በጠባ ትለምናት ጀመር። እንዲህ እንዲህ እያለ አንዱ ሌሊት ሳምንታት ሆነ።

ካርቲየ ሁለት በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ያለው ቤታችን ጠባብ ነው። አልጋዬን ለእሷ ለቅቄ ምንጣፍ ላይ መተኛት ጀመርኩ። ቅር አላለኝም፤ ቢያንስ አፌ እንደዚያ ብሏል። ከዓሣው ደህናው ሥጋ ወደ እሷ ሳህን ሲሄድም የደረሰኝን በላሁ። ያቃጠለኝ ሌላ ነው። እናቴ እሷን "ልጄ" ብላ ትጠራታለች። እኔን በስሜ ነው።

የእኔ ብቻ ሆኖ የቀረው ላፕቶፑ ነበር። ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ስገባ እናቴ ያገለገለ ገዝታ "ይኼ ያንቺ ነው፤ ማንም አይንካብሽ" ብላ የሰጠችኝ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋና የጣሪያው ማራገቢያ ቆመ። እኔ በላፕቶፑ ባትሪ ሰኞ ክፍል ውስጥ በፈረንሳይኛ የማቀርበውን ጽሑፍ እያረምኩ ነው። እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እንግዳዋን ሹሩባ ትሠራታለች። ልጅቷ ከፊቷ ምንጣፉ ላይ፣ በእናቴ ጉልበቶች መሃል፣ ትንሽ መስታወት ይዛ ተቀምጣለች። ያ ቦታ የእኔ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ እናቴ "አሁንማ ትልቅ ሰው ሆነሻል" ብላኝ ፀጉሬን መሥራት ትታለች።

"ያቺን ትንሿን ማራገቢያ ኮምፒውተርሽ ላይ ሰክተሽ ወደዚህ አዙሪያት። ልጄን ላብ አጠመቃት" አለች።

"እሺ እማዬ።"

እሺ ማለት ይቀናኛል። የማራገቢያዋን ገመድ ይዤ የላፕቶፑን ጎን ዳበስኩ። ዓይኔ ግን የእናቴ ጣቶች ላይ ነበር። ማበጠሪያውን የልጅቷ ፀጉር ውስጥ ሰክታ፣ ለእኔ ስትሠራልኝ እንደምታደርገው በአፍንጫዋ ታዜማለች። ጣቴ ያገኘው ቀዳዳ ትንሽ ላላ አለኝ። ገፋ አደረግኩት። ጠቅ አለና ስክሪኑ ጠቆረ።

ጎንበስ ብዬ ሳይ መሰኪያውን የከተትኩት የኢንተርኔት ገመድ የሚገባበት ሰፊው ቀዳዳ ውስጥ ነው። የመሰኪያው ብረት በውስጡ ያሉትን ቀጫጭን ሽቦዎች አገናኝቷቸዋል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ።

"ምን ሆነ?" አለች እናቴ።

"ጠፋ። የማይሆን ቦታ ሰካሁት።"

"ዓይንሽን የት አድርገሽ ነው?"

"ዓይኗማ እዚህ ነበር፣ እትዬ" አለች እንግዳዋ፣ ያልተሠራውን ግማሽ ፀጉሯን እየዳሰሰች። "በመስታወቱ አያት ነበር። ዛሬ ብቻም አይደል።"

ልጅቷ ብድግ አለች። "የሚያሻግረኝ ደላላ ሐሙስ ጀልባ አለ ብሎኛል። እናንተም ቤታችሁ ይስፋችሁ።"

እናቴ እሷን አላየችም። እኔን ነው ያየችው። ልጅቷ ከሄደች አልጋዬም፣ የእናቴ ጉልበት ሥር ያለው ቦታም፣ "ልጄ" የሚለው ቃልም ይመለሱልኛል። ይህንን ስመኝ ሰንብቻለሁ። ባሕሩ ስንቱን እንዳስቀረም አውቃለሁ፤ እዚህ ተወልዶ ያደገ ይህን የማያውቅ የለም።

"ግማሽ ፀጉር ይዘሽ ባሕር አትሻገሪም" አልኳት። "ተቀመጪ።"

"ተሠርቶ ሲያልቅስ?"

"እማዬ ሥራዋ ቀስ ያለ ነው።"

ልጅቷ ሳቅ አመለጣት። እናቴ ትከሻዋን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻት። እኔ ካርቶን ቀድጄ አራገብኩላቸው። ንፋሱን ግን ወደ እናቴ አስበልጬ ነበር።

ላፕቶፑ መብራት ሲመጣ ተነሳ። ያ ቀዳዳ ብቻ ሞቷል። እንግዳዋም ሐሙስ አልሄደችም። አሁን እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለታችንንም ትሠራናለች፤ ቀድማ የምትቀመጠው ግን ልጅቷ ናት። ሹሩባ በቀጠነ ቁጥር ልፋቱ ይበዛል፤ ተራዬን ስጠብቅ የእሷ ካለፈው ሳምንቱ የእኔ ቀጥኖ እንደሆነ አስተያያለሁ። ቀጥኗል።