መጋዘኑን ቤት ያደረገችው ልጅ

አየር ጤና ከታክሲ ተራው ጀርባ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለችኝ። ካርቱም ላይ ጦርነት ተነስቶ ሰዉ ወደ እኛ አገር መሸሽ ከጀመረ በኋላ፣ አንድ ክረምት ከወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት አንዲት ወጣት ሴት መጣችብኝ። በትልቋ ልጄ ዕድሜ ብትሆን ነው። ቦቲዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነበር።

«ጋሼ፣ ዘነበወርቅ ያለውን የመንግሥት መጋዘን ያውቁታል?» አለችኝ። «ለስደተኞቹ ጊዜያዊ ማረፊያ ልናደርገው ነው። በቺፑድ ይከፋፍሉልናል?»

ስደተኞቹ እስከዚያ የተጠለሉት ትምህርት ቤት ውስጥ ነበር። ትምህርት ሊጀመር ስለሆነ ክፍሎቹን መልቀቅ ነበረባቸው። አብረን ሄደን መጋዘኑን ለካነው። የሜትሩን አንዱን ጫፍ እሷ፣ ሌላውን እኔ ይዘን ስንዞር፣ መግቢያ መግቢያው ላይ መጋረጃ ይሰቀል እንደሆነ ጠየቅኋት።

«በር ነው የምፈልገው» አለች። «ከውስጥ የሚቆለፍ።»

«ጊዜያዊ ነው አላልሽኝም?»

«ጊዜያዊ ቢሆንስ፣ ጋሼ? የምታጠባ አለች፣ ልብስ የምትቀይር ልጃገረድ አለች። ከጦርነት የወጣ ሰው በሩን ዘግቶ ካልተኛ ምኑን አረፈ?»

አለቆቿ ግን ለበር የተያዘ በጀት የለም አሏት። አልተከራከረችም። ለመንገድ ተብለው ከፈረሱ የቀበሌ ቤቶች የተነቀሉ በሮች ወረዳው ግቢ ውስጥ ዝናብ ይመታቸው ነበር። እነሱን ለማስፈቀድ ከቢሮ ቢሮ ስትንከራተት ሰነበተች። አንድ ቀን ረፋድ ላይ አይሱዙ አስጭና ደጄ ላይ አራገፈቻቸው። አረንጓዴ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ ቀለሙ የለቀቀ አለ። አንዱ ላይ የቤት ቁጥር ተጽፏል፤ ሌላው ላይ አንድ ወላጅ የልጁን ቁመት በቢላ እየጫረ ምልክት አድርጎበታል። የረዘመውን ቆረጥኩ፣ ያጠረውን ቀጠልኩ፣ ለሁሉም መቀርቀሪያ አበጀሁ። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ እንደዚያ የተደሰትኩበት ትእዛዝ ትዝ አይለኝም።

ስደተኞቹ በአውቶቡስ የመጡ ዕለት እኔም መቀርቀሪያዎቹን ልፈትሽ እዚያው ነበርኩ። ቤይሩት ብዙ ዓመት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች ባለሱቅ ጎረቤቴ አረብኛ ስለምትችል ልታስተረጉም መጥታለች። ሰዉ ዕቃውን እየያዘ ሲገባ፣ አንዲት እናት ሁለት ሴት ልጆቿን በሁለት እጇ እንደያዘች ከመጋዘኑ የብረት መዝጊያ ፊት ቆማ ቀረች። አልንቀሳቀስ አለች። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ «ቶሎ በሉ እንጂ!» ሲል ይባስ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

ጎረቤቴ ጠጋ ብላ አነጋገረቻትና ወደ እኛ ዞረች። «ባሏን የያዙት ሰዎች እንዲህ ያለ መጋዘን ውስጥ ነው አሉ የዘጉበት። ከዚያ ወዲያ አላየችውም። ውጭ አድራለሁ እንጂ አልገባም ትላለች።»

የወረዳዋ ልጅ «ግቢ» አላለቻትም። አጠገቧ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ቆይታ ተነሳችና መጋዘኑን በጎን ዞራ አይታ ተመለሰች።

«ጋሼ፣ የመጨረሻው ክፍል ግድግዳ ወደ ግቢው ነው አይደል? እዚያ ጋ በር ማውጣት ይቻላል?»

«ቆርቆሮ ነው፣ ይቆረጣል። ግን አለቆችሽ ምን ይሉሻል?»

«እሱን ለእኔ ይተዉት።»

ጎረቤቴ የብረት መቁረጫው ግራይንደር ጩኸት እንዳያስደነግጣቸው እናትና ልጆቹን ሻይ ልትጋብዝ ወሰደቻቸው። እኔ በያጅ ጠርቼ ግድግዳውን አስቆረጥኩ። በሩ የሚሰቀልበትን ቴላዮ ገጥመን፣ ሰማያዊውን በር ሰቅለን ስንጨርስ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም።

ሴትዮዋ ተመልሳ መጣች። በሩ ግቢውን፣ ግቢው ደግሞ መንገዱን ያሳያል። ሰዎችና ታክሲዎች ሲያልፉ አየች። ልጆቿን ውጭ አቁማ ብቻዋን ገባችና ከውስጥ ቀረቀረችው። ከዚያ መቀርቀሪያው ተሳበ፤ ብቅ ብላ የልጆቿን ሻንጣ አንስታ አስገባች። የወረዳዋ ልጅ ፊቷን አዙራ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት።

ስለዚያ በር ቢሮዋ ተጠርታ መጠየቋን በኋላ ሰማሁ። የመለሰችላቸውን አላውቅም፤ ግን በሳምንቱ በውጭው ግድግዳ በኩል ላሉት ክፍሎች ሁሉ መስኮት እንዳወጣ የታዘዝኩት ከዚያው ቢሮ ነው።

እናትየው እዚያ ከርማ፣ ቤቴል ሰፈር ከአንዲት የአገሯ ልጅ ጋር ቤት ተከራየች። አሁን እዚያው አንድ ክሊኒክ ውስጥ በጽዳት ትሠራለች፤ አገሯ ሳለች ነርስ ነበረች። ልጆቿ አማርኛውን ከእኛ ልጆች እኩል ያፈጥኑታል። የባሏን ወሬ እስከ ዛሬ አልሰማችም።

የወረዳዋ ልጅ ወደ ሌላ ክፍለ ከተማ ተዛውራለች። ባለፈው ወር አየር ጤና ታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘኋትና እንዲያ ያለ ሥራ የሠራ የመንግሥት ሠራተኛ እንዳላየሁ ነገርኳት። አፍራ ሳቀች።

«ተዉ እንጂ ጋሼ» አለች። ወዲያው ፊቷ ኮስተር አለ። «ይልቅ ያ የመጋዘኑ ጣሪያ ዘንድሮ ያፈስ ይሆን? ሄደው አይተውታል?»

አለማየቴን ነገርኳት። በማግስቱ መሰላሌን ይዤ ሄድኩ።