ማዶ የማይወርዱት ሽማግሌ

ግድቡ በፈጠረው ሐይቅ ላይ በምትመላለሰው ጀልባ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ኮታቸው ቢያረጅም በደንብ ተተኩሷል። ሌላው ተሳፋሪ የግድቡን ግዝፈት እያደነቀ ፎቶ ሲነሳ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ውሃው ላይ ተክለዋል። መሐል ስንደርስ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ።

«አባባ፣ ጫማው ጠበበዎት እንዴ?» አልኳቸው።

«አይ ልጄ፣ ከበታችን መቃብር አለ፤ በጫማ አላልፍበትም። የግድቡ መሐንዲስ ነበርኩ። ‹ውሃው እዚህ አይደርስም፣ ሙታናችሁን አትንኩ› ብዬ መንደርተኛውን ያሳመንኩት እኔ ነኝ። እንደሚደርስ አውቅ ነበር። ሥራው እንዳይጓተት ብዬ ነው።»

ማዶ ስንደርስ ሁሉም ወረደ፤ እሳቸው ግን ከተቀመጡበት አልተነሱም። ቀዬው የሰጠመበት መንደርተኛ የሰፈረው እዚያ ነው።

«በምን ዓይኔ ልያቸው?» አሉኝ።

ዳር ላይ ልብስ የምታጥብ ሴት ቀና አለች። ማንነታቸውን አታውቅም።

«አባባ፣ ዛሬም አይወርዱም?» አለች እየሳቀች። «እንግዳ ሆነው ሁልጊዜ ከደጃችን ሲመለሱ እኮ የምናፍረው እኛ ነን! ይምጡ እንጂ፣ ቤት ያፈራውን ይቅመሱ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።