ማንም የማያነበው መቶ አሥራ ሁለት ገጽ

ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለችው ጠባብ የጽሕፈት ክፍል የሚመላለሱ ሁሉ ጸሐፊዋን «መትረየስ» ይሏታል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ስንቱን ፍቺ፣ ስንቱን የድንበር ክርክር በአሥር ጣቷ እንዳንጣጣችው ቤት ይቁጠረው። ያን ጠዋት ግን ቤቷ ቁጭ ብላ፣ ጣቶቿን ጭኗ ላይ አጋድማ፣ አልነሣም ያለ አሮጌ ላፕቶፕ ኮምፒዩተር ላይ አፍጥጣለች።

ነገሩ የጀመረው ከወር በፊት ነው። መጀመሪያ ገጹ ጠቆረና «የሚጠቀሙበት ሲስተም እውነተኛ ቅጂ አይደለም» አላት። ሌባ ብሎ መስደብ እኮ ነው! የሸጠላት ሰውዬ ይኼ ነገር እውነተኛና ሐሰተኛ አለው ብሎ መች ነገራት? ቀጥሎ ማንም ሳይጠይቀው ራሴን ላድስ ብሎ ተነሣና መንገድ ላይ ቀረ። አዲሱ ሲስተም ደግሞ ማሽኑ አርጅቷል፣ አይመጥነኝም ይላል። ምኑ ቅጡ!

ማሽኑስ ገደል ይግባ። ጉዱ ውስጡ ያለው ነው። ጡረታ የወጣው መምህር ባሏ ጠዋት ጠዋት እየተናገረ፣ እሷ እየተየበች፣ ሕይወቱን ከልጅነቱ ጀምሮ መቶ አሥራ ሁለት ገጽ አድርሰውት ነበር። ከዚያ ጭንቅላቱ ውስጥ ያደገው እጢ አንደበቱን ያዘው። አሁን ጓዳ አልጋው ላይ ነው፤ አንድ ቃል አይወጣውም። ሐኪሙም ተስፋ አልሰጣትም። እሷ ግን «አሳትሜ እጅህ ላይ አስቀምጠዋለሁ» ብላ ምላለታለች።

ኮምፒዩተር ጠጋኙ ታናሽ ወንድሟ መጣ።

«እትዬ፣ ከዚህ ሲስተም እንገላገል። ሊኑክስ የሚባል ሌላ ሲስተም ልጫንልሽ። አሮጌ ማሽን አይንቅም፣ ፈቃድ አምጪ ብሎም አይጨቀጭቅሽም።»

«ባለቤቱ ማነው?»

«ማንም። የሠሩት ሰዎች ለሁሉም ክፍት አድርገው ትተውታል።»

«ባለቤት የሌለው ነገር ቤቴ ሊገባ?»

«ባለቤት ያለውስ ምን አደረገልሽ?»

ወንበሩን ለቀቀችለት። እሱም ፋይሎቹን ሌላ ዲስክ ላይ አሽሽቶ አዲሱን ጫነላት።

ማሽኑ ተነሣ። ፋይሉን ከፈተችው። ገጹን የሞላው የፈረንጅ ፊደል፣ ቁጥርና ቃለ አጋኖ ነው። የጻፈችበት የአማርኛ ፕሮግራም ከድሮው ሲስተም ጋር አብሮ ሄዷል፤ የሠራው ድርጅትም ከተዘጋ ስንት ዘመኑ!

«አጠፋህብኝ!» ብላ ጮኸች። «ድምፁን አጠፋህብኝ!»

«አልጠፋም እትዬ! ያለው አለ። የሚያነበው ነው የጠፋው።»

ፊቷን በነጠላዋ እየጠረገች መልሳ አየችው። የመጀመሪያውን ምልክት ስታይ ግራ ትንሽ ጣቷ ተንቀሳቀሰ። ሁለተኛውን ስታይ የቀኙ ሌባ ጣት። ገጹ ላይ የቀሩት የመታቻቸው ቁልፎች ምልክቶች ናቸው፤ በዚያ ፕሮግራም እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ የአማርኛ ፊደል ነበረው፤ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚያወጣ ጭንቅላቷ ቢረሳም ጣቶቿ አልረሱም። ጠረጴዛው ላይ እየነካካች አንድ ቃል አወጣች።

«ቁልፎቹን ንገሪኝ» አለ ወንድሟ ተነሥቶ። «የሚመልስ ፕሮግራም እጽፋለሁ። ሦስት ቀን ብቻ ስጪኝ።»

«ሦስት ቀን ከየት አባቴ አምጥቼ?» አለችው። ከጓዳ የሚመጣው ትንፋሽ ከጠዋት ጀምሮ እየተቆራረጠ ነበር።

ኮምፒዩተሩን ተሸክማ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች።

«ከየት ልጀምርልህ? ከልጅነትህ?»

ዓይኑን ጨፈነ። እንቢ ማለቱ ነው።

«ከመጨረሻው?»

ትክ ብሎ አያት። የመጨረሻውን ገጽ አወጣችና በጣቶቿ ጭኗን እየመታች፣ አንድ አንድ ቃል እየለቀመች፣ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች።

«አሁን… የምለውን… አትሰማም። ስትተይብ… ጣቷ ብቻ ነው… እዚህ ያለው። ስለዚህ… ልናገረው። ሐኪሙ… ከነገረኝ… ወር አለፈ። ልነግራት… አቃተኝ። ፈርቻለሁ። ብቻዬን… ፈርቻለሁ።»

እውነቱን ነው። ስትጽፍ አትሰማም፤ የሰው ሁሉ እንባ በጣቶቿ ሲያልፍ የኖረው እንደዚያ ነው። ይህን ባስጻፋት ጠዋት አጠገቡ ነበረች፤ የአንድ ክንድ ያህል ነው የራቀችው። እሱ ፈርቻለሁ ብሏታል። እሷም ተይባው፣ አራት ነጥብ መትታ፣ «እሺ፣ ቀጥል» ብላዋለች።